በልቤ በር ላይ የበቀለው ሻጋታ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ሻጋታ ነው አሉኝ።

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ቆላ እባብ ስቶኛል፤ ወባ ስንት ጊዜ ጥሎኝ ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ትራክተር ከነተጎታቹ ሊወጣብኝ ሲል ዘልዬ አምልጫለሁ። አሁን ያደረ ዳቦ ላይ የሚበቅል ነገር ልብህ ላይ በቅሎ ሊገድልህ ነው ይሉኛል። አልቀበልም። ይሄ ለእኔ የሚመጥን ገዳይ አይደለም፤ ሌላ ይላኩ።

ጠዋት ስኳር 261። ሙቀት 38.9።

ይህ የስኳሬ ደብተር ነው። ጠዋትና ማታ ቁጥር እንድሞላበት ነበር የተሰጠኝ። ቁጥር ብቻ መጻፍ የመጋዘን ጠባቂ መስዬ እንድታይ ስላደረገኝ ከዛሬ ጀምሮ የሆዴንም እጽፍበታለሁ።

ጎንደር ሁለት ሳምንት ተኝቼ “ኢንፌክሽን” ሲሉኝ ቆይተው ነበር። ዛሬ ዶክተር ሕይወት በአማርኛ ነገረችኝ። ልጅ ናት፤ እሷ አባ ትለኛለች፣ እኔ ዶክተር ልጄ እላታለሁ። ወረቀት ላይ ልብ ሣለችልኝ። ልብ አራት በሮች አሉት። ደም ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ ካለፈ በኋላ ይዘጋሉ። ከአራቱ በአንደኛው ላይ ጎንደር በማሽን ሲያዩኝ እንደ ጥጥ ቁራጭ የተንጠለጠለ ነገር አግኝተዋል፤ ከእጄ ከቀዱት ደም ላይም ያው ፈንገስ በቅሏል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አብሮ ይወዛወዛል። ከላዩ ተቆርሶ ከሄደ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ይመቸዋል፤ ደሙ ይጣፍጠዋል፣ የሰውነቱም ዘበኞች ያንቀላፋሉ።

አራት በር ያለው ቤት ሠርቼ አላውቅም፣ ለካ ደረቴ ውስጥ ኖሯል ስላት ሳቀች። ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ።

ከጎንደር ወደዚህ መተማ ሆስፒታል የመለሱኝ በመድኃኒቱ ምክንያት ነው። ይሄን ሻጋታ የሚገድለው መድኃኒት እዚሁ እኛ ቆላ ለካላዛር የሚሰጠው ያው ቢጫ ውሃ ነው ለካ። ስለዚህ አልጋዬ ካላዛር ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ። ስድስት አልጋ አለ፤ በአምስቱ ላይ ከደጋ ለሰሊጥ የወረዱ ልጆች ጣፊያቸው አብጦ ተኝተዋል። ከጎኔ ያለው ይበልጣል ይባላል፣ ጎጃሜ ነው፣ ዘንድሮ የእኔኑ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ። ሆዱን እያየሁ መንታ ነው ወይስ አንድ ብዬ ጠየቅሁት። አንድም ቢሆን እርስዎን የመሰለ እንዳይወጣ ነው የምፈራው አለኝ። አፍ አለው። ወደድኩት።

እስከዚህ ድረስ ቀኑ መልካም ነበር።

ከዚያ ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ከግርጌዬ ተቀምጣ ሳለ ዶክተሯን ጠየቀቻት። ከየት ገባ ይሄ ነገር አለች። ዶክተሯም መግቢያ በር መኖር አለበት አለችና ወደ እኔ ዞረች። ከመታመሜ በፊት ክንዴ ላይ የግሉኮስ መርፌ ተተክሎልኝ ሰንብቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አንድ ቀን ተተክሎልኝ የዚያኑ ዕለት ተነቅሏል አልኳት።

ይበልጣል ወደ ግድግዳው ዞረ።

ዶክተሯ ጻፈች። ቀጥላ ማንጠግቦሽን ኢንሱሊኑን የት እንደምታስቀምጠው ጠየቀቻት። ማንጠግቦሽም ሁሉን ነገረቻት። ኮኪት ያለው ቤታችን ፍሪጅ የለውም። ድሮ ድንበሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ ከገላባት በእቅፌ ያመጣሁት ዚር አለን፤ ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ሸክላ ነው። እሷ አሸዋ ሞልታ ጠዋትና ማታ ውሃ ታርከፈክፍበታለች፤ የኢንሱሊኑ ብልቃጥ መሐሉ ውስጥ ይቀበራል። ውጭው ቢነድም ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ክረምት ላይ አሸዋው ነጭ ነገር አውጥቶ ነበር፣ ጠርጌ ተውኩት አለች።

ዶክተሯ ይሄንንም ጻፈች።

የማንጠግቦሽ ፊት ጠቆረ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ስኳር 248። ሙቀት 39.1።

ዛሬ ኢንሱሊኔን የወጋችኝ ነርሷ ናት። ማንጠግቦሽ እጄ ይንቀጠቀጣል ብላ ከበሩ አልፋ አልገባችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእሷ በቀር ማንም ወግቶኝ አያውቅም። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ በስመ አብ ብላ፣ እስክትጨርስ ድረስ አንድ ቃል አትናገርም። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ጠብቄ ነው የማሾፈው፤ መልስ መስጠት አትችልማ። ነርሷ እየወጋች ታወራለች። አይጥምም።

ላስቃት ሞከርኩ። አንቺ፣ እኔ ብሞት ያ የመተማው ባለ ወፍጮ ሚስት ፈላጊ ነው፣ አስቢበት አልኳት። አርባ ስድስት ዓመት ባለቤቴ ናት፤ እንዲህ ስላት ሁልጊዜ የምትመልሰው አላት፤ እሱም እንደ እርስዎ አፈኛ ከሆነ ይቅርብኝ ትላለች። ዛሬ ግን ልብስ ላመጣ ኮኪት ልሂድ ብላ ወጣች።

እሺ። እውነቱን ልጻፈው። ደብተሩ ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ሂላ ሆኖ ቆሟል። ሂላው ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ሸራ ላይ ገልብጦ ማራገፍ ነው። ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ ኃይለኛ ነፋስ ከመጣ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። በዚያው ሰሞን ትኩሳት ያዘኝ። ኮኪት አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ታይፎይድ ነው፣ አምስት ቀን በደም ሥር መድኃኒት ይወስዳሉ አሉኝ። ደም ሥሬ ይደበቃል፤ ያ ምስኪን ሐኪም ሦስት ቦታ ወግቶኝ በአራተኛው ግራ ክንዴ ላይ አገኘ። ትንሿን ቧንቧ ተከለ፣ በፕላስተር አሸገ። ነገ ጠዋት ይምጡ፣ መድኃኒቱን ባይፈልጉ እንኳ ለማስነቀል ይምጡ ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሺ አልኩ።

በማግስቱ ወደ ማሳ የሚሄድ ትራክተር አገኘሁ።

ማስነቀል ነበረብኝ። ግን ሁለት ቀን ሠርቼ ስመለስ ያችው ትጠቅመኛለች፣ እንደገና አራት ቦታ አልወጋም ብዬ አሰብኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከቤት ስወጣ እጅጌው ረጅም የሆነውን ጀለቢያዬን ለበስኩ። ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ መርፌውን ነቅለውልዎታል ወይ አለችኝ። ሚካኤልን ነቅለውልኛል አልኳት።

በሚካኤል ማልኩ። አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብዳል።

ሁለት ቀን ያልኩት ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ ኢንሱሊኑም ቀረ። ክንዴን በፌስታል ጠቀለልኩ። በአንድ እጅ ማሰር ስላልቻልኩ ነዶ በሚታሰርበት ገመድ ያሰረልኝ ይበልጣል ነው። አቧራው፣ ላቡ፣ ከበርሜል የሚቀዳው ውሃ፣ ሁሉም በፌስታሉ ሥር ገባ። በዘጠነኛው ቀን ቀልቶ ሲያሳክከኝ ራሴ መዝዤ አውጥቼ ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ትኩሳቱም ለቆኝ ነበር። አየህ፣ ያለ ሐኪምም ይዳናል ብዬ ይበልጣል ላይ ጎረርኩ።

ሌላው ትኩሳት የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ጎንደርም ሆነ እዚህ ግራ ክንዴን ሊያዩ ሲሉ ድሮ የትራክተር ክራንክ የመታኝ ነው፣ እሱን ተዉት፣ በቀኙ ተጠቀሙ ብያለሁ። ውሸት ብቻውን መኖር አይወድም፤ ሁለተኛ ይወልዳል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ስኳር 290። ሙቀት 39.4።

ቢጫው ውሃ ሲገባ ተንቀጠቀጥኩ። አልጋው አብሮኝ ተንቀጠቀጠ። ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡልኝ፣ በመተማ ሙቀት። ይበልጣል አይዞዎት አያ፣ እኔም መጀመሪያ እንዲህ አድርጎኛል አለ።

ስማ አንተ ሻጋታ። ይሄን መሬት ደን መንጥሬ፣ ዋልካ አርሼ፣ ጅብ አባርሬ ያቀናሁት እኔ ነኝ። ዘርህን እንዴት እንደማጠፋው አላውቅም እንዳትል። አረም ስነቅል ነው ያረጀሁት።

ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ስኳር 255። ሙቀት 39። ሽንቴን በጆግ ይለካሉ፤ መድኃኒቱ ኩላሊት እንዳይነካ ነው። ይበልጣል ከእኔ በልጦ ተገኘ። በዚህም መሸነፌ አናዶኛል፤ አንድ ጆግ ከርከዴ ያለ ስኳር አዝዣለሁ፤ ነገ እናያለን።

ዶክተሯ ጠዋት መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሐኪም ቆሞ ሲያወራህ ደህና ነህ፤ ቁጭ ካለ ጉድ አለ። ዛሬ ዐሥረኛ ቀን ነው፣ ትኩሳቱ መውረድ ነበረበት አለች። አንድ የሆነ ቦታ ተደብቆ እየተራባ በየቀኑ ወደ ደሜ የሚለቀቅ ነገር ሊኖር ይችላል። አዲስ አበባ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግልኝ ስሜ ተልኳል፤ ግን ደሙ ሳይጠራ በሩን ቢቀይሩትም አዲሱ ላይ መልሶ ይበቅላል። የሚደበቅበትን ካላገኘነው ጊዜ የለንም አለች።

ሳምንት ነው ወይስ ወር አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ቀኝ እጄን።

ማንጠግቦሽ ከሰዓት መጣች። ልብሱን አስቀመጠች፣ ለአምስቱም ልጆች የጾም ፍትፍት አከፋፈለች፣ ለእኔም ሰጠችኝ፤ አላየችኝም። ይበልጣል ጋ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከሄደች በኋላ ልጁ ፍትፍቱን ሳይነካው አስቀመጠው።

ምን አለችህ አልኩት።

“ዚሩን ሰብረውታል” አለኝ። “ደጃፍ አውጥተው በዘነዘና ነው የሰበሩት። በገዛ እጄ ሻጋታ ስወጋቸው ኖሬያለሁ እያሉ ያለቅሳሉ።”

ጣሪያውን አየሁ።

“አያ፣ እኔ አልናገርም። ሚስጥርዎ ነው። ግን ያቺን ገመድ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።”

አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የንስሐ አባቴ የሆንከው አልኩት። ሳቅ የሚያመጣ መስሎኝ ነበር።

“እኔን የአሸዋ ዝንብ ነደፈኝ፣ ግራሩ ሥር ስተኛ” አለኝ። “እርስዎ ያቺ መርፌ። ሁለታችንም ከአንድ ማሳ ነው ያመጣነው። እኔ ግን በሽታዬን በማንም አላሳበብኩም።”

ይሄን የሚለኝ ባለፈው ወር እንኳን በእኔ ፊት ቀና ብሎ የማይናገር ልጅ ነው። ልቆጣው ፈለግሁ። ቁጣ አላገኘሁም። አጎበር ሳይኖራቸው ግራር ሥር ሲተኙ እያየሁ፣ ትንኝ የደጋ ሰው አይወድም፣ እናንተን አይበላም እያልኩ ስቀልድ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ለምን አልነግራትም? ሞትን ፈርቼ አይደለም። ሞትንማ እየሰደብኩት ነው። የምፈራው ፊቷን ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ሙቀት 39.2። ስኳር አልጻፍኩም፤ ቀኑ ለቁጥር አልተመቸም።

ልጄ ደሳለኝ መጣ። ፊቱን ታጥቧል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ በእጁ ወረቀት ይዟል። ገና ሳየው አወቅሁት። አባቴ፣ ነገሩ ባይሆን ይሻላል፣ ግን ለሁሉም ሰው ደህና ነው፣ ኑዛዜ ቢጤ እንጻፍ አለኝ።

ጻፍ አልኩት። እስክሪብቶውን አወጣ።

ትራክተሩን ለአንተ ትቼልሃለሁ፤ ከእኔ የባሰ በሽተኛ ስለሆነ አስታመው። ሰሊጡን ለነፋስ። ጀለቢያዬን ለይበልጣል፤ ያ ሆዱ ሲወለድ ይሰፋዋል። ሻጋታዬን ለባለ ወፍጮው።

ልጆቹ በየአልጋቸው ሳቁ። ደሳለኝ አልጻፈም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ያን ሳይ እኔም ቀልዱ አፌ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ከበሩ ሥር የነበረችው ማንጠግቦሽ ገባች።

“ተዋቸው ደሳለኝ። አታስጨንቃቸው። አባትህን የገደልኩት እኔ ነኝ” አለች። ጮኻ አይደለም፤ የእህል ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር ያለችው። “ዘጠኝ ዓመት ወጋኋቸው። አንድ ቀን እጄን ሳልታጠብ ወግቻቸው አላውቅም። አሸዋው ሲነጣ ግን መድፋት ነበረብኝ፣ ውሃ አጠረና ተውኩት። ለሰውም የምነግረው እንዲህ ብዬ ነው።”

ይበልጣል ዓይኑን ጨፈነ።

ከአልጋው ቀና አልኩ። የግራ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ።

“ማንጠግቦሽ፣ ነይ እዩኝ” አልኳት። አፌ ተሳስሮ አንቺንም አንቱንም ቀላቀልኩ። “መርፌው የዚያኑ ዕለት አልተነቀለም። ዘጠኝ ቀን ማሳ ላይ ይዤው ሰነበትኩ። ሂላው እንዳይረግፍብኝ። በሚካኤል የማልኩልሽ በውሸት ነው። ዚርሽ ምንም አላደረገም።”

ቆማ ቀረች።

እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር። እንደምትወጣም ጠብቄ ነበር። መጣችና ክንዴን ያዘችው። ከእጅ አንጓዬ በላይ ያለውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ከዚያ ወደ ክርኔ እየዳሰሰች ወጣች፣ የታመመ ጥጃ እንደምትዳስስ። ከቆዳዬ ሥር እንደ ገመድ የጠጠረ ነገር አለ። አውቀው ነበር። ሲያመኝ ከርሟል።

“ዘጠኝ ቀን?”

“ዘጠኝ።”

“እኔ እኮ ዚሬን ሰበርኩ፣ አንተ ውሸታም።”

አርባ ስድስት ዓመት አንቱ ስትለኝ ኖራለች። ከሠርጋችን ማግስት ጀምራ፣ ስንጣላም፣ ስንታረቅም። ዛሬ አንተ ሆንኩ። በልጄ ፊት፣ በአምስት የቀን ሠራተኞች ፊት። ይገባኛል።

“ዶክተር!” እያለች በኮሪደሩ ሄደች። ይህን ያህል ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ደሳለኝ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ይበልጣል ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ጀለቢያውን ግን ተቀብያለሁ አለ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው፤ ግራው በፋሻ ታስሯል። ለነገሩ ሁልጊዜም በቀኝ ነው የምጽፈው።

ዶክተር ሕይወት ትናንት ማታውኑ በማሽን አየችው፤ ዛሬ ጠዋት ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሆነው ከፈቱት። አላስተኙኝም፤ ቦታውን ብቻ በመርፌ አደነዘዙት። ማንጠግቦሽን ውጪ ይጠብቁ አሏት፤ አልወጣም አለች። ጋዎን አለበሷት፣ አፏን በማስክ ሸፈኑላት፣ ዓይኗ ብቻ ቀረ። ያ ዓይን ከቢላዋው ይልቅ አስፈራኝ።

ደም ሥሩ ውስጥ የረጋ ደምና መግል ነበር። አንድ ጣት የሚያህለውን ቆርጠው አወጡት። ዶክተሯ በሳህን አድርጋ አሳየችኝ።

“አባ፣ ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልገው የነበረውን እጅጌዎ ውስጥ ይዘውት ነበር።”

ይቅርታ ዶክተር ልጄ አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ትኩር ብላ አየችኝ። አልቀለድኩም።

ከዚያ ስለ ዚሩ ማንጠግቦሽ ራሷ ጠየቀቻት፣ ልቧ እንዲያርፍ። ዶክተሯ የዚሩ ነገር ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለእኛ አገር ሙቀት እኔም ለሰው የምመክረው ነው አለች። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው ይቅበሩ፣ አሸዋውን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ ጥፋት የለብዎትም አለቻት። ማንጠግቦሽ ሁለት ጊዜ እንድትደግምላት አደረገች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሰማህ አለችኝ። እየሰማሁ መሆኔን እያየች።

ደሳለኝ ወደ ማሳ ሊመለስ ሲል ጠራሁት። ለቀሩት ሠራተኞች አጎበር ግዛ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አልኩት። ኑዛዜ ነው ወይ አለኝ። ትእዛዝ ነው፣ ገና አልሞትኩም አልኩት።

ማታ ሙቀት 38.1። ነርሷ መለኪያውን አራግፋ ደግማ ለካች። 38.1።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12፣ ሚካኤል

ጠዋት ሙቀት 37.4። ስኳር 186።

37.4። እንደገና ልጻፈው ብዬ ነው።

ተንኮለኛ ነገር ነው ተስፋ፤ ቶሎ አፍ ያስከፍታል። ዶክተሯ ይሄን ስላወቀች ነው መሰለኝ መጥታ ገደብ አበጀችልኝ። ልቤ በር ላይ ያለው አሁንም አለ። መድኃኒቱ ገና አራት ሳምንት ይቀረዋል። ደሙ ከጠራ አዲስ አበባ ይወስዱኛል፤ መንገዱ ደህና ከሆነ። በሩን ሊጠግኑት ወይም ሊቀይሩት ይችላሉ፤ በዚህ ዕድሜ ከጠረጴዛው የማይነሣም አለ። ከተነሣሁም ሻጋታው እንዳይመለስ ዕድሜ ልክ ክኒን መዋጥ አለ።

ዕድሜ ልክ ያልሽው ቃል ደስ ብሎኛል፣ ረጅም ይመስላል አልኳት። አዲስ አበባም እሄዳለሁ። ክንዴ ውስጥ የተደበቀውን አግኝተነዋል፤ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ በግልጽ ነው የቆመው፣ እሱ ምን ያስቸግራል። ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን እብድ ነዎት ማለቷ አልለየሁትም።

ይበልጣል በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። ጣፊያው እየሟሸሸ ነው። ጀለቢያው አሁን ይሰፋሃል፣ ይመለስልኝ አልኩት። አልመልስም አለ።

ማንጠግቦሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፀሐዩ ጠንክሯል። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ነገረችኝ። ስለ ሐሰት መሐላህ ሻማ አብርቻለሁ፣ የቀረውን አንተ ራስህ በእግርህ ሄደህ ለሚካኤል ትነግረዋለህ አለች። አንቱ አልተመለሰም። የሚመለስም አይመስለኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ትናንት ሌሊት “አንተ” ያለችኝን በልቤ ደጋግሜ ሰማሁት፤ አርባ ስድስት ዓመት ስታባብለኝ የኖረች ሴት ገና አሁን ስትጣላኝ ያየሁ ያህል ነው። ወጣት ያደርጋል።

በዘንቢል ውስጥ አዲስ ሸክላ ይዛ መጥታለች። የገበያ ማሰሮ ናት፤ እንደ ገላባቷ ዚር አታምርም። አሸዋውን ከወንዝ አምጥታ፣ አጥባ፣ በፀሐይ አስጥታዋለች። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ ቀበረችው። ነርሷ ሆስፒታሉ ፍሪጅ አለው ብትላት፣ ይሁን፣ ልምምድ ነው አለች።

ከዚያ እስከ ክርኗ ታጠበች። መርፌውን አወጣች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

እኔም የድሮውን ላመጣባት አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ባለ ወፍጮው አንድ አዲስ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። በመርፌው ጫፍ ዝም አሰኘችኝ።

“መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ” አለች።

ሁለቱንም ዘረጋሁላት። እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበች። መዳፌን አየች፣ ክንዴን አየች፣ ፋሻውን አየች። በቃ ብዬ ላወርዳቸው ስል ያዘችኝና ገለበጠቻቸው።